የእሬት አበባ፣ የፀሐይ ወፍ እና የአዋሽ ሸለቆ ውሃ

አንድ ነገር እጅግ መራራ መሆኑን ለመግለጽ «እንደ እሬት ይመራል» ማለት በአማርኛ የተለመደ ነው። እናቶች ሕፃናትን ጡት ለማስጣል በጡታቸው ጫፍ ላይ የሚቀቡት ይህንኑ የእሬት ፈሳሽ እንደሆነም ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚህም ምክንያት የእሬት ስም በአእምሯችን ከምሬት ጋር ተቆራኝቶ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ የመረረው ተክል በአበባው ውስጥ ጣፋጭ ወለላ እንደሚያዘጋጅ፣ ይህንንም ወለላ ፍለጋ የሚመጡ ውብ ወፎች እንዳሉ ልብ የምንል ጥቂቶች ነን።

እኔም ይህንን ያስተዋልኩት ከሀገሬ ርቄ ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በምከታተልበት ዘመን በካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሃሚንግበርድ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ወፏ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ከአንድ ቀይ አበባ ወለላ ትቀስም ነበር። ጠጋ ብዬ ስመለከት ተክሉ እሬት ሆኖ አገኘሁት። ወፏ የአሜሪካ ተወላጅ ስትሆን ተክሉ ግን ከአፍሪካ ተወስዶ በአትክልት ቦታ የተተከለ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወደ ሰመራ ስንጓዝ መኪናችን ለጎማ ቅያሪ አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ቆመች። በግራር ሥር ካበበ እሬት ላይ ደረቷ ቀይ መቀነት የታጠቀ የሚመስል፣ ራሷ በአረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ሌላ ትንሽ ወፍ አየሁ። ይህችኛዋ በአየር ላይ አልቆመችም፤ የአበባውን አገዳ ጨብጣ ተቀምጣ ነበር። ካሊፎርኒያ ላይ በእንግዳ ወፍ ሲጎበኝ ያየሁት ተክል በገዛ ሀገሩ የራሱ ወዳጅ እንዳለው የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የወፏንና የተክሉን ግንኙነት፣ እሬት ድርቅን የሚቋቋምበትን ፊዚካዊ ዘዴ፣ እንዲሁም በአዋሽና በሰመራ ከተሞች ለመትከል የሚፈልግ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሃሚንግበርድና የፀሐይ ወፍ

ሃሚንግበርዶች ከ350 በላይ ዝርያዎች ያሏቸው ሲሆን የሚገኙት በአሜሪካ አህጉሮችና በአካባቢያቸው ባሉ ደሴቶች ብቻ ነው። በአፍሪካና በእስያ ተመሳሳይ ሥራ የሚያከናውኑት ሌሎች ወፎች ናቸው። እነዚህን ወፎች ፈረንጆች «የፀሐይ ወፍ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሯቸዋል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ በዚሁ ስም እንጠቀማለን። ሁለቱ ቤተሰቦች ቢመሳሰሉም የሥጋ ዝምድናቸው የራቀ ነው። የፀሐይ ወፍ ከሃሚንግበርድ ይልቅ በየቤታችን ጣራ ሥር ለምትኖረው ድንቢጥ ትቀርባለች። ቀጭን ረጅም አፍ፣ ረጅም ምላስና የሚያብረቀርቅ ላባ በሁለቱም ዘንድ የተገኘው አንድ ዓይነት ሥራ ለየብቻቸው ወደ አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላመጣቸው ነው።

በአዋሽ አካባቢ ከሚታዩት መካከል አንዷ ሳይንሳዊ ስሟ ሲኒሪስ ሃቤሲኒከስ የሚባለው ናት። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1828 ያወጡላት ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሲሆኑ ሁለተኛው ቃል «የሐበሻ» እንደ ማለት ነው። ወፏ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ደረቅ ቁጥቋጦማ ስፍራዎች ትኖራለች።

በሁለቱ ወፎች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አመጋገባቸው ነው። በአየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም እጅግ ውድ ሥራ ነው። ወደፊት የሚበር ወፍ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ክብደቱን በመሸከም ያግዘዋል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ወፍ ግን ይህ እገዛ ስለሌለው ክብደቱን የሚሸከመው ያለማቋረጥ አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። ለዚህም ሲባል ትናንሽ ሃሚንግበርዶች ክንፋቸውን በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል ያራግባሉ። የፀሐይ ወፎችም ለጥቂት ቅጽበት በአየር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ በአብዛኛው ግን ተቀምጠው መመገብን ይመርጣሉ።

ይህ ልዩነት በአበቦቹም ላይ ይታያል። በአሜሪካ በሃሚንግበርድ የሚጎበኙ ብዙ አበቦች መቀመጫ በሌለበት በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የእሬት አበባ ግን ቀጥ ብሎ የቆመና ጠንካራ አገዳ አለው፤ ወፏም እሱን ጨብጣ ከአንዱ የአበባ ቱቦ ወደ ሌላው ትሻገራለች። በደቡብ አፍሪካ ባቢያና ሪንገንስ የተባለ ተክል ደግሞ አበባ የማይዝ፣ ለፀሐይ ወፍ መቀመጫነት ብቻ የሚያገለግል ባዶ አገዳ ያበቅላል።

ተክሉ ለወፏ ወለላ የሚሰጠው በምላሹ የአበባ ብናኝ እንድታመላልስለት ነው። አብዛኞቹ የእሬት ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ ዘር ማፍራት አይችሉም። ስለዚህ የአንዱ ብናኝ በንብም ሆነ በወፍ ተጭኖ ወደ ሌላው መድረስ አለበት። ወለላውም ለወፏ ምግብ ብቻ አይደለም። ከአምስት እጅ አራቱ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ስለሆነ ኩሬ በሌለበት ወቅት የመጠጥ ውሃዋም ነው።

ቀለሙ ከየት መጣ?

የእሬት አበቦች ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ናቸው። የወፍ ዓይን ቀይ ብርሃንን በሚገባ ይለያል። የንብ ዓይን ግን በይበልጥ የሚሠራው ከአልትራቫዮሌት እስከ አረንጓዴ ባለው ክልል ስለሆነ ቀዩ ለንብ ደብዛዛ ነው። ይህ ማለት ንብ ወደ እሬት አትመጣም ማለት አይደለም፤ ትመጣለች። ነገር ግን ከሩቅ የሚጣራው ቀለም በዋናነት ለወፍ የተላከ መልእክት ነው ማለት ይቻላል።

የወፏ የራሷ አረንጓዴ ደግሞ ከሌላ ምንጭ የሚገኝ ነው። በላባዋ ውስጥ አረንጓዴ ማቅለሚያ የለም። ያለው ሜላኒን የተባለው ጥቁር ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እጅግ በሚያንሱ ቅንጣቶች እየሆነ በስስ ንብርብር ተደርድሯል። ከተለያዩ ንብርብሮች የሚንጸባረቀው ብርሃን ሲገናኝ አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ይጠናከራል፣ ሌላው ይጠፋፋል። በውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይትና የሳሙና አረፋ ቀለማቸውን የሚያገኙት በዚሁ ሕግ ነው። ወፏ ስትዞር ብርሃኑ የሚጓዘው ርቀት ስለሚለወጥ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል ወይም ድንገት ይጠቁራል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የፒኮክን ላባ ውሃ ውስጥ ቢነክረው ቀለሙ እንደሚጠፋ አስተውሎ ነበር፤ ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የላባ ቀለም ከስስ ሽፋኖች ቀለም ጋር አያይዞታል።

በሌሊት የሚተነፍስ ተክል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ከተጋለጠ ውሃ ላይ በዓመት ሊያተኑት የሚችሉት መጠን ግን ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሰማይ አንድ ሲሰጥ ከአሥር በላይ ለመውሰድ በሚችልበት በዚህ ስፍራ አንድ ተክል እንዴት ይኖራል?

እጽዋት ለማደግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋቸዋል። ይህንንም ከአየር የሚያስገቡት በቅጠላቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ችግሩ ጋዙ የሚገባበት በር ውሃም የሚወጣበት በር መሆኑ ነው። በሩ ሲከፈት የሚወጣውን የውሃ መጠን የሚወስነው ደግሞ «የአየር ጥማት» ልንለው የምንችለው ነገር ነው፤ ይኸውም አየሩ ሊይዝ በሚችለው የውሃ ተንና በያዘው ተን መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አየር ሊይዝ የሚችለው የተን ገደብ በግፊት ሲለካ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ 3.57 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ40 ዲግሪ ግን 7.38 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። ሙቀቱ በ13 ዲግሪ ብቻ ሲጨምር ገደቡ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። እንግዲህ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 20 በመቶ ነው እንበል። በአየሩ ውስጥ ያለው ተን የ7.38 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 1.48 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ስለዚህ የአየሩ ጥማት 7.38 ሲቀነስ 1.48 እኩል ይሆናል 5.90 ኪሎ ፓስካል ነው። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 27 ዲግሪ ቢወርድና የተኑ መጠን ባይለወጥ ጥማቱ 3.57 ሲቀነስ 1.48 እኩል ይሆናል 2.09 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ብናካፍል 2.8 እናገኛለን። በሌላ አነጋገር፣ በሌሊት የሚከፈት ቀዳዳ የሚያጣው ውሃ ያው ቀዳዳ በቀን ቢከፈት ከሚያጣው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው። በፀሐይ የሚመታ ቅጠል ከአየሩም በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ትክክለኛው ልዩነት ከዚህም ሊሰፋ ይችላል።

እሬት የሚጠቀመው ይህንኑ ስሌት ነው። ቀን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ሌሊት ይከፍታል። በሌሊት ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ በተባለ አሲድ መልክ በሕዋሳቱ ውስጥ ያከማቻል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ በሩን ዘግቶ ያከማቸውን ጋዝ ከአሲዱ እየለቀቀ ምግቡን በብርሃን ያዘጋጃል። ይህ ሥርዓት በሳይንሱ ዓለም ካም በሚል አጭር ስም ይታወቃል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1815 በሕንድ ሀገር የአንድ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ቅጠል ጧት ጎምዛዛ እንደሆነና ወደ ቀትር ጎምዛዛነቱ እንደሚጠፋ በመቅመስ ብቻ አስተውሎ ጽፎ ነበር።

የቁጠባው መጠን ከፍተኛ ነው። እንደ ስንዴና ባቄላ ያሉ እጽዋት አንድ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማግኘት ከ400 እስከ 500 ግራም ውሃ ያጣሉ። እንደ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ያሉት ከ250 እስከ 300 ግራም ያጣሉ። የካም እጽዋት የሚያጡት ግን ከ50 እስከ 100 ግራም ነው። በዚህ ላይ የእሬት ቅጠል ወፍራም በመሆኑ ብዙ ውሃ በትንሽ ቆዳ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ቆዳውም በሰም ዓይነት ንጥረ ነገር የተቀባ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ገደብ አለው። የካም ሥርዓት በይበልጥ የሚመቸው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው። በሰመራ የበጋው ሙቀት በሚያይልበት ወራት ሌሊቱም ስለሚሞቅ ተክሉ የሚያስገባው ጋዝ ይቀንሳል። ድርቁ ሲጸና ቀዳዳዎቹን ቀንም ሌሊትም ዘግቶ በውስጡ የሚፈጠረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደጋግሞ በመጠቀም ብቻ ይቆያል። በዚህ ጊዜ አያድግም፤ ግን አይሞትም።

ድርቅን መቋቋም አንድ ዓይነት አይደለም

«ድርቅን የሚቋቋም ተክል» የሚለው አነጋገር አሳሳች ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከአፋር የበለጠ ምስክር የለም። ፕሮሶፒስ የተባለው የአሜሪካ ዛፍ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ድርቅን መቋቋሙ ነበር። አንዳንድ አፋሮች የመጣበትን ዘመን በማስታወስ በደርግ ስም ይጠሩታል። ዛፉ በእርግጥም ድርቅን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በ35 ዓመት ገደማ ውስጥ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ወርሯል፤ ይህም ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ ያህል ነው። የወረረውም በአብዛኛው የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬት ነው።

ፕሮሶፒስ ድርቅን የሚቋቋመው ውሃ በመቆጠብ አይደለም። ሥሩን አርቆ በመላክ ሌላው ያልደረሰበትን ውሃ ስለሚጠጣ ነው። በአሪዞና በአንድ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የዚህ ወገን ሥር በ53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት በአፋር ክልል ያለው ፕሮሶፒስ በዓመት ከ3.1 እስከ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚጠቀም ገምቷል። የአዋሽ ተፋሰስ ዓመታዊ የገጸ ምድር ውሃ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ እንደሆነ ስናስታውስ የቁጥሩ ክብደት ይገባናል። እርግጥ ዛፉ የሚጠጣው የከርሰ ምድርና የዝናብ ውሃንም ጭምር ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ መቀናነስ አይገባም።

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከመካከለኛው ሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በእንዲህ ያለ ተፋሰስ ውስጥ ስለ አንድ ተክል «ድርቅን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ድርቅን የሚችለው በማን ውሃ ነው?» ማለትም ያስፈልጋል። እሬት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሥሩ ዙሪያ በወረደው ጥቂት ዝናብ፣ እሱንም ቆጥቦ የሚል ነው።

በአዋሽና በሰመራ እሬትን ስለ መትከል

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ። እነዚህን በማጥናት ረገድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በሰፊው ይታወቃል። በአዋሽ አካባቢ ግራር በበዛበት ደረቅ ሜዳ ከሚበቅሉት አንዱ አሎ ትሪኮሳንታ የሚባለው ነው፤ ስሙ በግሪክኛ «ጸጉራም አበባ» ማለት ሲሆን አበባው በእርግጥም በጥቃቅን ጸጉር የተሸፈነ ነው። በየአበባ ማሰሮው ተተክሎ የምናየው አሎ ቬራ ግን ከዓረቢያ ምድር የመጣ እንግዳ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ለመትከል የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስተውል ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ከዱር መንቀል አይገባም። ከአሎ ቬራ በስተቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የውጭ ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውማ የሚነካ አይደለም። ዘር መልቀም ወይም ከተተከለ እሬት ሥር የወጣ ቡቃያ መውሰድ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ቡቃያው ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት በጥላ ሥር መቆየት አለበት። ቁስሉ ሳይደርቅ በእርጥብ አፈር ቢተከል ይበሰብሳል።

ሦስተኛ፣ አፈሩ ውሃ የማያቁር መሆን ይኖርበታል። አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይመረጣል። እሬትን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው ውሃ መብዛት ነው።

አራተኛ፣ የመትከያው ጊዜ አፋሮች ካርማ የሚሉት ዋናው ዝናብ የሚጀምርበት የሐምሌ ወር ቢሆን ይመረጣል። ሥር እስኪይዝ አልፎ አልፎ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ ደግሞ ማጠጣት አይገባም።

አምስተኛ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከሰመራ በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ስለምትል ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ እሬት ሙሉ ፀሐይን ይችላል። በሰመራ ግን ከግራር ሥር፣ ወይም የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በማይመታበት የግንብ ጥግ መትከል ይሻላል። በዱርም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ነው።

ስድስተኛ፣ አንድ ብቻ መትከል ወፍን ይጠራ ይሆናል እንጂ ዘር አያስገኝም። ከአንድ እናት የተወሰዱ ቡቃያዎችም በባሕርያቸው አንድ ተክል ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አይራቡም። ስለዚህ ከተለያዩ እናቶች የመጡ አራት አምስት ተክሎችን አንድ ላይ መትከል ያስፈልጋል። ከዘር የተነሣ እሬት እስኪያብብ ጥቂት ዓመታት ስለሚወስድ ትዕግሥት ያሻል። ያበበ ጊዜም ወፏን ከነንቧ እንዳናጠፋ ፀረ ተባይ መድኃኒት በአበባው ላይ መርጨት አይገባም።

ማጠቃለያ

በብዙ የሀገራችን ክፍሎች እሬት በመቃብር ላይ ይተከላል። መቃብርን በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣ ሰው የለም፤ እሬት ግን ለምልሞ ይቆያል። አባቶቻችን የቀዳዳዎቹን የሌሊት ሥራ ባያውቁም ውጤቱን በሚገባ አስተውለው ነበር። ሰመራን የመሰሉ አዳዲስ ከተሞች ጎዳናቸውንና የትምህርት ቤት ግቢያቸውን ሲያለሙ ይህን ማስተዋል ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

በሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በአዋሽ ትምህርት ቤቶች ላሉ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ቀላል ሙከራ ልጠቁም። ከአንድ እሬት ጎሕ ሲቀድ ትንሽ የቅጠል ቁራጭ፣ ወደ ማታም ሌላ ቁራጭ ወስዳችሁ የእያንዳንዱን የውስጥ ሥጋ ጨምቁና አሲድነቱን በፒኤች ወረቀት ለኩ፤ ቢጫው ፈሳሽ ሆድ ስለሚያስቀምጥ እንደ ሄይን በመቅመስ አትሞክሩት። ይህንኑ ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት በታኅሣሥና በሚሞቅበት በሰኔ ደጋግማችሁ ብታነጻጽሩ፣ ተክሉ በከተማችሁ በየትኛው ወር እንደሚሠራና በየትኛው በሩን ዘግቶ እንደሚጠብቅ ከወረቀቱ ቀለም ልታነቡ ትችላላችሁ።